ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ጃክሰንቪል፦ እማዬን ይዘን ወደ ሞቃቱ ደቡብ

እማዬ ከሽሮ ሜዳ እኛ ወዳለንበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የመጣችው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ጥቅምትን በደስታ አሳለፈችው። ቅጠሉ ሲቀላ "ውይ ሲያምር!" እያለች ከልጆቹ ጋር ሰፈሩን ትዞር ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን ከቤት መውጣት አቆመች። ሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርባ መስኮቱ ስር ትቀመጥና መንገዱን ታያለች። "እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?" ትለኛለች።

ሽሮ ሜዳም እኮ ብርድ ያውቃል፤ የእንጦጦ ጥግ ነው። ግን ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሰው በረንዳ ይወጣል፤ ጎረቤት ይጠራራል፤ ቡና ይፈላል። እዚህ ፀሐይዋ ብትወጣም አታሞቅም። እናቴ ከቀን ወደ ቀን ዝም እያለች ስትሄድ ማየት አልቻልኩም።

አብሮ አደግ ጓደኛዬ ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ነው የምትኖረው። በስልክ ሁኔታውን ስነግራት አላስጨረሰችኝም። "እማማን አምጪልኝ በቃ። እዚህ ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ታኅሣሥ ነው። ደግሞ የገብርኤል ዝክሬ አለ" አለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ዘግተዋል። ባለቤቴም ፈቃድ ነበረው። ለአምስት ሰው በበዓል ሰሞን የአውሮፕላን ትኬት የሚቀመስ ስላልነበር በመኪና ለመሄድ ወሰንን።

ታኅሣሥ 17፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፍሎረንስ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሳን። ውጪው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ነበር። የነቢያት ጾም ስለሆነ ስንቁን እማዬ ራሷ ናት ያሰናዳችው፦ የቲማቲም ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ በትልቅ ፔርሙስ ሻይ። ሚጥሚጣዋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ይህቺ ብልቃጥ በኋላ ብዙ ሠርታለች።

ሀይዌይ 95ን የሚያውቅ ፍሬድሪክስበርግን ያውቃል። በዚያ ሌሊትም ቢሆን ከቆመ መኪና መሀል ገባንና ከአንድ ሰዓት በላይ ተንፏቀቅን። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በረዶ ጥሎ ብዙ መቶ መኪኖች ከነሰዎቻቸው እዚሁ አካባቢ ከ24 ሰዓት በላይ ቆመው እንደነበር ባለቤቴ ሲነግራት እማዬ አማተበች። በክረምት ወራት በዚህ መንገድ የሚወርድ ሰው ብርድ ልብስ፣ ውሃና የሚቀመስ ነገር መኪናው ውስጥ ይኑረው።

ከሪችመንድ በኋላ መንገዱ ይለቃል። ሰሜን ካሮላይና ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ ጥድ ነው። ቤንዚን ወደ ደቡብ በወረድን ቁጥር እየረከሰ ሄደ። ደቡብ ካሮላይና ስንገባ ከሜሪላንዱ በጋሎን ወደ 35 ሳንቲም የሚጠጋ ልዩነት ነበረው።

ልጆቹን ከእንቅልፍ ያነቃቸው በመንገዱ ዳር የተደረደረው የ"ሳውዝ ኦቭ ዘ ቦርደር" ማስታወቂያ ነው። ገና ብዙ ማይል ሲቀር ጀምሮ ቢልቦርድ በቢልቦርድ ላይ ነው። ትልቋ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ትንሹ ይስቃል። ቦታው ሁለቱ ካሮላይናዎች የሚዋሰኑበት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አለን ሻፈር የሚባል ሰው አንዲት የቢራ መሸጫ ከፈተ። ከድንበሩ ወዲያ ያለው የሰሜን ካሮላይና አውራጃ የአልኮል ሽያጭ ይከለክል ስለነበር ገበያው ደራለት። ዛሬ ሆቴል አለው፣ መጫወቻ አለው፣ የሜክሲኮ ባርኔጣ የደፋ ረጅም ማማ አለው። ልጆቹ እግራቸውን አፍታተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ጮቤ ረግጠው ተመለሱ።

ፍሎረንስ አደርን። ሞቴሉ ከነታክሱ 92 ዶላር። ንጹሕ ነበር፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ታኅሣሥ 18፣ ሳንቲ እና ሳቫና

ጠዋት ቤንዚን ልንሞላ "በኪስ" ገባን። ምልክቱ ቢቨር የሚባለው እንስሳ የሆነ ግዙፍ ማደያ ነው። የቤንዚን ማንቆርቆሪያው ብዛት ዓይን ያታክታል። ትላልቅ የጭነት መኪናዎች አይገቡም። በመጸዳጃ ቤቱ ንጽሕና ስሙ የተጠራ ነው፤ እማዬም ከዚያ ወጥታ "ይህን ያጸዳ እጁ ይባረክ" አለች። እንዲህ ብላ ያመሰገነችው ሌላ ማደያ የለም።

ማሪዮን ሐይቅን በድልድይ ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ባለቤቴ ዳር ያዘ። እኔ እማዬንና ልጆቹን ከብረት አጥሩ ወዲያ አሳልፌ ሣሩ ላይ አቆምኳቸው። ክሪኩ ወጣ፤ ስኮርታው ገባ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በስኮርታ ግን ፍሎሪዳ አይደረስም። በሳንቲ መውጫ ወጥተን ጎሚስታ ጠየቅን፤ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ቤት አመለከቱን።

ጎሚስታው ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። ጎማውን ውሃ ውስጥ እያዞሩ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ ፈለጉ። ልክ እንደ አገር ቤት። የጣት ጥፍር የምታህል የብረት ስባሪ በጉጠት መዝዘው ለትንሹ ልጄ እጁ ላይ አኖሩለት። ከውስጥ ለጥፈው፣ ነፍተው፣ ራሳቸው ገጥመው 20 ዶላር አሉ። ባለቤቴ ሠላሳ ቢሰጣቸው አሥሩን መለሱ። እማዬን አይተው በአንገታቸው እጅ ነሡ፤ እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

ከጎናቸው አንዲት ሴት በትልቅ ድስት ለውዝ ትቀቅላለች። በደቡብ ካሮላይና የተቀቀለ ለውዝ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የግዛቱ ኦፊሴላዊ መክሰስ ነው። ለውዙ ከነልጣጩ በጨው ውሃ ለሰዓታት ይፈላል። ትልቅ ብርጭቆ ሙሉ 6 ዶላር። ልጣጩን በጥርስ ጫን ሲያደርጉት ሞቅ ያለ ጨው ጨው የሚል ውሃ ይወጣል፤ ውስጡ እንደ ባቄላ ለስልሷል። ይኼ ንፍሮ ነው በቃ! እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም አልቀመሰችም። ብርጭቆውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ይዛ ተጓዘች። ሳቫና ስንገባ ሰዓቷን አየች፣ አማተበች፣ አንድ ለውዝ ፈለፈለች። "ጨዋታ አዋቂ እህል ነው" አለች። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ሌላ ነገር አላወራችም።

ሳቫና 18 ዲግሪ ነበር። እማዬ አንዱን ሹራብ አወለቀች።

ይህቺን ከተማ በእግር ነው ማየት። እ.ኤ.አ. በ1733 ስትቆረቆር ጀምሮ በአደባባይ በአደባባይ ተከፋፍላ የታቀደች ናት፤ ዛሬም 22 አደባባዮች አሏት። እያንዳንዱ ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበርና ጥላ አለው። ትላልቆቹ የኦክ ዛፎች ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ናቸው። ቅርንጫፋቸው ላይ የተንዠረገገው ሽበት የመሰለው ነገር ራሱን የቻለ ተክል ነው። ሥር መሬት አይሰድም፤ ከዝናብና ከአየር ነው የሚኖረው። ዘመዱም አናናስ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ሄዶ መቀመጥ፣ እንደገና ሁለት መቶ ሜትር መሄድ ለእማዬ ጉልበት ተስማማ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰላም ይላታል። ደቡቦች ሰላምታ አይሰስቱም። እሷም ለሁሉም "ደህና ዋሉ" ትላለች።

ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ገባን። በአሜሪካ ካሉት እጅግ ጥንታዊ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. በ1859 ተጠናቀቀ፤ የሠሩት በባርነት የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ቀን የጌቶቻቸውን ሥራ ውለው ሌሊት። ምድር ቤቱ ወለል ላይ በመስቀልና በአልማዝ ቅርጽ የተደረደሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። አስጎብኚው እንደነገሩን ከወለሉ በታች ተደብቀው ነፃነት ፍለጋ ይሄዱ የነበሩ ሰዎች የሚተነፍሱበት ነው። እማዬ በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ነበር። አስጎብኚው "ግድ የለም፣ ያድርጉት" ሲሏት "የእግዚአብሔር ቤት አይደል?" አለች። ትልቋ ልጄ ተረጎመችላቸው። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው ያስጎበኙን።

ምሳችን ላይ ግን ተቸገርን። የደቡብ ጎመን በአሳማ አጥንት ይቀቀላል፤ ሩዙም ባቄላውም ሥጋ አለበት። አስተናጋጇ ጾሙን ስንነግራት ወጥ ቤት ገብታ ወጣች። በውሃ ብቻ የተሠራ የበቆሎ ገንፎ፣ እነሱ ግሪትስ የሚሉት፣ ከተቆራረጠ ቲማቲም ጋር ይዛልን መጣች። እማዬ ብልቃጧን አወጣች። መሀሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጋ ዘይትና ሚጥሚጣ አፈሰሰችበት። አስተናጋጇ "ልቅመስ?" ብላ ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን ሌላ ማንኪያ ጨመረች።

ታኅሣሥ 19፣ ጃክሰንቪል፣ ቅዱስ ገብርኤል

ማለዳ ነው የተነሳነው። እማዬ በመንገድ ላይ የቁልቢን ንግሥ በስልክ ስታይ መጣች። እዚያ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። ትንሹ ልጄ "ይህ ሁሉ ሰው በእግሩ ነው የመጣው?" ይላታል፤ እሷ ስለ ስለት ትነግረዋለች። የጆርጂያ ረግረግ፣ ቢጫ ሣሩና ነጫጭ ወፎቹ በመስኮት ያልፋሉ። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ጃክሰንቪል ገባን።

ጓደኛዬ በር ላይ ቆማ ነበር። "እማማ! ይግቡ፣ ይግቡ!" ብላ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ስትል እማዬ ቀና አድርጋ ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። "አንቺ ልጅ፣ አልከሳሽም ወይ?" የምታውቃት ትልቅ ሴት ከሆነች ወዲህ አይደለም፤ ገና ጥርሷ ሳይበቅል ጀምሮ ነው።

ዝክሩ የሚበላው ጓሮ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ውጪ! ሃያ ዲግሪ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ጠረጴዛው በድፎ ዳቦ፣ በሽሮ፣ በምስር፣ በአዚፋ፣ በሱፍ ፍትፍት ተሞልቷል። የጓደኛዬ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለዚህች ቀን ሲል ከቴክሳስ ሌሊቱን ነድቶ ገብቷል። ከማኅበርተኛው ግማሹ የሚያውቀኝ አልነበረም፤ እስከ ማታ ግን ሁሉም የማን ልጅ እንደሆንኩ አወቀ። እማዬ ነግራቸዋለች።

እኔን የገረመኝ የጓደኛዬ የአትክልት መደብ ነው። ጎመኑ ታኅሣሥ ላይ ጉልበት ድረስ ደርሷል። ጤና አዳሙ ለምልሟል። ጥግ ላይ አንዲት የመንደሪን ዛፍ ፍሬዋን ተሸክማ ቆማለች። እማዬ ጋቢዋን ለእኔ ሰጥታ መደቡ ውስጥ ገባች። ከታች ከታች ያለውን ቢጫ ቅጠል ትቀነጥባለች፣ ጓደኛዬን ውሃ ስለማብዛቷ ትመክራለች። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ስትናገር አልሰማኋትም። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እማማ ተመለሱ" አለኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ሴንት ኦገስቲን

ከጃክሰንቪል አንድ ሰዓት ያህል ነው። አውሮፓውያን ቆርቁረዋቸው ሳይቋረጥ ሰው ከኖረባቸው ከተሞች በዋናው አሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት፤ ስፔኖች የመሠረቷት እ.ኤ.አ. በ1565 ነው። ካስቲዮ ደ ሳን ማርኮስ የሚባለው ምሽጋቸው ባሕሩ ዳር ቆሟል። ግንባታው በ1672 ተጀምሮ በ1695 አለቀ። መግቢያው ለአዋቂ 15 ዶላር ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ነፃ። ድንጋዩን ቀርባችሁ እዩት፤ ትንንሽ የባሕር ቅርፊቶች ተጨፍልቀውና ተጣብቀው የሠሩት ነው። ጣት ሲያሳርፉበት እያንዳንዱ ቅርፊት ይታወቃል። እንግሊዞች በ1702 ሲከቡት የመድፉ ጥይት ግንቡን ከመሰንጠቅ ይልቅ ውስጡ ይቀበር ነበር።

ከከተማው በስተ ሰሜን ትንሽ ወጣ ብሎ ፎርት ሞሴ አለ። ጎብኚው ጥቂት ነው፤ እባካችሁ አትለፉት። በካሮላይና ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደ ደቡብ ይሸሹ ነበር። ስፔኖቹ ካቶሊክ ለሆነና ለሚዋጋላቸው ሰው ነፃነት ይሰጡ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1738 እዚህ የራሳቸው ሰፈር ተሰጣቸው። ዛሬ አሜሪካ በሆነው ምድር በሕግ የታወቀ የመጀመሪያው የነፃ ጥቁሮች መንደር ነው። እኛ በሁለት ቀን በመኪና የወረድነውን አገር እነሱ በረግረግ ውስጥ በእግራቸው፣ ውሻ እየተከተላቸው ነው የመጡት። ለልጆቼ ይህንን ቆሜ ነገርኳቸው። ትልቋ ለረጅም ጊዜ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ቆየች።

ታኅሣሥ 21 እና 22፣ ብሉ ስፕሪንግ

ትንሹ ልጄ ማናቲ ለማየት ዓመቱን ሙሉ ሲወተውት ነበር። ማናቲ ግማሽ ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ገራም እንስሳ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ ይታመማል፤ ብርዱ ከጠና ይሞታል። ኦሬንጅ ሲቲ አጠገብ ያለው የብሉ ስፕሪንግ ምንጭ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ነው። የሴንት ጆንስ ወንዝ ሲቀዘቅዝ ብዙ ማናቲዎች ወደዚያ ይገባሉ።

ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ስንደርስ ፓርኩ ሞልቶ በሩ ተዘግቷል። ልጁ እንባው መጣ። አቅራቢያው ሞቴል ያዝን። ማሞቂያው ተበላሽቶ ሌሊቱ 4 ዲግሪ ወረደ። አምስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ጋቢና ጃኬት ደራርበን ተጠጋግተን አደርን። የእንግዳ ተቀባዩ መልስ "ነገ ሠራተኛ ይመጣል" ብቻ ነበር። ገንዘባችንን አልመለሱም።

ብርዱ ግን ጥሩ ነገር አመጣ። ቀዝቃዛ ጠዋት ማለት ብዙ ማናቲ ማለት ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት በሩ ላይ ተሰለፍን፤ ለመኪና 6 ዶላር። ውሃው ላይ እንፋሎት ይጨሳል። የእንጨት መተላለፊያው ላይ ቆመን ወደ ታች ስናይ መጀመሪያ ድንጋይ መስሎን ነበር። ከዚያ አንዱ ድንጋይ አፍንጫውን አውጥቶ "ፍፍፍ" ብሎ ተነፈሰ። እናት ከነልጇ እግራችን ስር አለፈች፤ ጀርባዋ ላይ የጀልባ ሞተር የቆረጣት ነጭ ጠባሳ አለ። ተመራማሪዎቹ አንዱን ከአንዱ የሚለዩት በዚህ ጠባሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 መቁጠር ሲጀምሩ 14 ብቻ ነበሩ። በጥር 2024 በአንድ ቀን ከ900 በላይ ተቆጠረ።

"ጉማሬ ነው?" አለች እማዬ።

"አይደለም፣ ሰው አይነካም። ሣርና ቅጠል ብቻ ነው የሚበላው።"

"እንግዲያው ጿሚ ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ያየችውን ሁሉ "ጿሚው" ነበር የምትለው።

ታኅሣሥ 23፣ የፈረንጆች አዲስ ዓመት

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በጃንዋሪ አንድ ጎመንና ጥቁር ዓይን ያላት አተር ይበላል። ጎመኑ የወረቀት ብር፣ አተሩ ሳንቲም እንዲያመጣ ነው። ጠዋት የጓደኛዬ ጎረቤት፣ ጆርጂያ ያደጉ የሰባ ምናምን ዓመት እናት፣ ሁለት ሳህን ሸፍነው መጡ። "ያለ ሥጋ ነው የሠራሁት፤ አምና ጾም ላይ ናችሁ ስትሉኝ ትዝ አለኝ" አሉ። በዘይት፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ነው ያበሰሉት።

እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀመሰችና ሴትየዋን አስጠራቻቸው። ጓሮ ተቀምጠው ልጄ እያስተረጎመች ስለ ጎመን አወሩ። እማዬ መደቡ ውስጥ ገብታ ትልቅ ቅጠል ቆርጣ መጣች፤ መሀሉን ጅማት በእጇ ላጥ አድርጋ አወጣች። ሴትየዋ ቅጠሎቹን ደራርበው እንደ ሲጋራ ጠቅልለው በቢላ ቀጭን ቀጭን አድርገው ከተፉ። እማዬ ቢላውን ተቀብላ እሷም እንደዚሁ ከተፈች። ሁለቱም ሳቁ። ቡናው ሦስተኛ እስኪወርድ አልተነሱም።

በማግስቱ ሁለት ከረጢት መንደሪንና አንድ እስር ጎመን ጭነን ተመለስን። መንገዱ ሰላም ነበር።

እማዬ ገናን ከልጆቹ ጋር ውላለች። ጥምቀት ሲያልፍ ግን በአውሮፕላን ወደ ጃክሰንቪል ትሄዳለች፤ እስከ ፋሲካ እዚያው ናት። ትኬቱን በ96 ዶላር ቆርጠናል። ጓደኛዬ ትናንት ደውላ የጫማዋን ቁጥር ጠየቀችኝ። ለመደቡ የሚሆን ቦት ልትገዛላት ነው።